የሐኪሙ ዋስ

ይህን ወግ የማወጋችሁ እየተናደድኩ መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ የእኔም ጠጉር ነጣ፣ ንዴቱ ግን ከነትኩሳቱ አለ። ባለቤቴ "ተወው እንግዲህ፣ ደምህ ይፈላል" ትለኛለች። ይፍላ! የሰውን ትኩሳት ሲያበርድ ኖሮ የራሱን ማብረድ ያቃተው ሐኪም ብሎ የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ፤ መጀመሪያ ግን ይስማኝ።

አባቴ ከጭልጋ ወደ መተማ ወርዶ እዚያው የቀረ የሰሊጥ ነጋዴ ነበር። ሰሊጡን በግመል ጭኖ ገዳሪፍ ሲመላለስ፣ አንድ ጊዜ እኔንም ከጆንያዎቹ መሀል ጫነኝና እዚያ ትምህርት ቤት አስገብቶኝ ተመለሰ። ከገዳሪፍ ካርቱም ገባሁ፤ ካርቱም ሕክምና ተማርኩ። ሐኪም ሆንኩ ማለት ነው። ቃሉን ያዙልኝ፤ መጀመሪያ የቀሙኝ እሱን ነው። አገሬን አገለግላለሁ ብዬ ድንበሩን ስሻገር አገሬን ጣሊያን ይዟታል። ንዳዱን ግን አልያዘውም። የቆላው ንዳድ ጌታ የለውም፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባላገሩንም ጣሊያኑንም ሳይለይ ያንቀጠቅጣል።

ሳጥኔን ገና ሳልፈታ ጣሊያኖቹ ዘንድ ተጠራሁ። ያለ ፈቃድ መርፌ መያዝ ክልክል ነው፤ ለአገሬው ተወላጅ ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም፤ ነገር ግን ከመተማ ወደ ጎንደር መንገድ የሚሠራው ኩባንያ ሐኪም አጥቷልና ከእሱ ጋር ከተዋዋልክ ማከም ትችላለህ ተባልኩ። ካልፈለግክ ወደ መጣህበት። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ በሱዳን በኩል፣ ገላባት ላይ፣ እንግሊዞቹ ሐኪም እንደሚፈልጉ ሰምቻለሁ። ግን እኮ ገና የእናቴን ወጥ እንኳ ጠግቤ አልበላሁም! "እዋዋላለሁ" አልኩ።

የኩባንያው ቢሮ ቆርቆሮ ለብሶ የተሠራ ምድጃ ነበር። ካፖው፣ ማለት የሠራተኞቹ አለቃ፣ ቀይ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ሁለት ገጽ ወረቀት ፊቴ አኖረ። በጣሊያንኛ ነው የተጻፈው። ፊደሉን አነበዋለሁ፤ የሚለውን አላውቀውም። አስተርጓሚው የጎንደር ሰው ነው፤ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ።

"ምን ይላል?" አልኩት።

ወረቀቱን አነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከላይ እስከ ታች በጣሊያንኛ አነበበው። ረጅም ነው። እኔ ዝንብ አባረርኩ፤ ካፖው ሲጋራ ለኩሶ ጨረሰ። በመጨረሻ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረና፣ "ደግ ነው ይላል" አለኝ።

"ሌላስ?"

"ሌላውም ደግ ነው።"

"እስከ መቼ ነው የምሠራው?"

ይህን ለካፖው ጠየቀልኝ። "መንገዱ እስኪያልቅ" የሚል መልስ መጣ። እኔም መንገድ የሚያልቅ ነገር መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። እዚያው ቆላ ተወልጄ! በጋ የተነጠፈውን ድንጋይ ክረምት ላይ ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ ውጦት እንደሚያድር፣ ካሚዮን እንኳ ከነጭነቱ ሲሰምጥ እያየሁ አድጌ! ካርቱም ድረስ ሄጄ የሰው አንጀት ስንት ክንድ እንደሆነ ተምሬ መጣሁ፤ የዋልካን ሆድ ረሳሁት።

ፈረምኩ። አስተርጓሚው "አሁን ዋስ ጥራ" አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ዋስ ትንሽ ልበል፤ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ነውና። በእኛ ዘንድ ሰው ሲቀጠርም፣ ሲካሰስም፣ ሲታረቅም ዋስ ይጠራል። አጠራሩ ቀላል ነው። ወደ ደጅ ትወጣለህ፣ የሚያልፈውን ሰው "ዋስ ሁነኝ" ትላለህ፣ ይሆንሃል። ስለምን እንደሆነ መጠየቅ ሰውን መናቅ ነው፤ እምቢ ማለት ደግሞ ለሰባት ቤት የሚወራ ነውር ነው። አባቴ በዕድሜው ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው ስንቴ ዋስ እንደሆነ እሱም አያውቅም። እኔም እንደ አባቴ ልጅ ብቅ ብዬ ግራና ቀኝ አየሁ። ሐጂ እድሪስ የዘይት ቅል በአህያ ጭነው ወደ ገበያ ያልፋሉ። ሐጂ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ያላቸው፣ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ፣ በመተማ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ሐጂ፣ ዋስ ይሁኑኝ!"

"ምን ችግር አለው ልጄ" አሉ፤ አህያቸውንም ሳያስሩ ገቡ። ስማቸው ተጻፈ። ወጡ። ሁሉም ነገር አንድ ማስነጠስ ያህል ቢፈጅ ነው።

ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ከተቆለፈ በኋላ አስተርጓሚው እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና፣ "እንግዲህ አሁን የሚለውን ልንገርህ" አለኝ።

አስቡት! አሁን!

"ቅድም ለምን አልነገርከኝም?"

"ቅድም ብነግርህማ መቼ ትፈርም ነበር?"

ነገረኝ። አንደኛ፣ በወረቀቱ ላይ ሐኪም አይደለሁም፤ የአገሬው አስታማሚ ነኝ። ሁለተኛ፣ የኩባንያው የቆርቆሮ ቁጥር አንገቱ ላይ ከሌለው ሰው አጠገብ እጄን አላደርስም፤ የእናቴም ራስ ምታት ቢሆን። ሦስተኛ፣ ይህን ካፈረስኩ ወይም ከጠፋሁ የሚታሰረው ዋሴ ነው። እኔማ አስፈልጋቸዋለሁ፤ ለምን ያስሩኛል?

ሦስተኛው ነገር ከእኔ ቀድሞ ሐጂ እድሪስ ቤት ገባ። መተማ ወሬ በእግሩ አይሄድም። ኩባንያው ወደ ሰጠኝ ድንኳን ስመለስ ሐጂ አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋቸውን አሸክመው መጥተው ደጃፌ ላይ ዘርግተዋል። ላዩ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ።

"ምነው ሐጂ?"

"ምንም የለም ልጄ። ነፋስ ለመቀበል ነው።"

ነፋሱ ከእኔ ጋር ነበር የሚሄደው። ወደ ወንዝ ስወርድ ይወርዳሉ። እናቴ ቤት ስበላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው "ብላ፣ ብላ፣ አትቸኩል" ይላሉ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ወደ ጫካ ዘወር ስል እንኳ ከግራሩ ጀርባ ሳላቸውን እሰማ ነበር። ሳሉ የጉንፋን እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አንድ ቀን ገንፍዬ፣ "ሐጂ፣ አልጠፋም አልኩዎት እኮ!" ብላቸው፣ "ወላሂ አምንሃለሁ" አሉኝ፤ "የማላምነው እግርህን ነው። ገላባት ቅርብ ነው።"

ይህ አልበቃኝ ብሎ የመተማ ሰው የተማረ ሐኪም መጣ ሲባል ሰምቷል። በየማለዳው የታመመ ይሰለፋል፤ እኔ ደግሞ ሳጥኔ ሙሉ ኪኒን ይዤ "ቁጥር አለህ?" እላለሁ። እኔ! ታማሚ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "የት ነው የሚያምህ?" እንዲሆን ያስተማሩኝ ሰው! ውሎ አድሮ ሠራተኞቹ ራሳቸው መላ አመጡ። ሥራ የፈታው ቁጥሩን ከአንገቱ አውልቆ ለጎረቤቱ ያበድራል። እኔም ቁጥሩን አያለሁ፣ ፊቱን አላይም። በዚህ ዓይነት ሠላሳ ሰባት ቁጥር የሚባል ድንጋይ ፈላጭ በአንድ ሰሞን ጥርሱን ተነቀለ፣ ኩፍኝ ወጣበት፣ ወገቡን ታሸ፣ ከዚያም ወንድ ልጅ ተገላገለ።

ካፖው የደረሰው ሠላሳ ሰባት ቁጥር ልጁን ሲያጠባ ነው።

ጩኸቱን እተውላችኋለሁ። አስተርጓሚው ረጅሙን ሁሉ አሳጥሮ፣ "አንድ ጊዜ ደግሞ ይህ ቢሆን ሽማግሌው ይታሰራሉ" አለኝ። ሐጂ ከጎኔ ቆመው ይሰማሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከማግሥቱ ጀምሮ አንገረባቸው ላይ ዱላ ተጨመረበት። ቁጥር የሌለው በሽተኛ ሲመጣ ተነስተው ያባርራሉ፤ ልጅ ያዘለችውን ሳይቀር "ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ፣ ማሌሽ፣ ይቅር በይኝ" እያሉ ይመልሷታል። ይህን ያህል በሰው ተናድጄ አላውቅም። አላናገርኳቸውም፤ ሰላምታም ነሳኋቸው። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ከራሳቸው ምሳ ላይ ለእኔ ያስቀሩ ነበር፤ እሱን ደግሞ እየተናደድኩ እበላለሁ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ስወጣ ዱላው ወድቋል። ሐጂ አንገረባቸው ላይ ተኮራምተው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። እጄን ግንባራቸው ላይ ሳደርግ ፈልቷል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ንዳድ ነው፤ ያውም ሰው የሚያስለፈልፈው፣ ቶሎ ካልያዙት የሚገድለው።

"አትንካኝ!" አሉ እጄን ገፍተው።

"ሐጂ፣ ታመዋል እኮ።"

"ቁጥር የለኝም። ካፖው ያይሃል።"

"ይሞታሉ!"

"ልሙት! በዚህ ጢሜ እስር ቤት ልግባ? ለሽማግሌ ነውር ነው። ዞር በል ከዚህ!"

እንግዲህ የገባሁበትን ተመልከቱ። ባክማቸው አሳስራቸዋለሁ። ባላክማቸው ይሞታሉ። መርፌውን ይዤ መሀል ላይ ስቆም አስተርጓሚው በዚያች በምታብለጨልጭ ጫማው እየተራመደ መጣ። አያቸው፣ አየኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንድሜ፣ ላንተው ብዬ ነው። ዋሱ በሞት ከተለየ ውሉም ያበቃል። አንተ በነፃ ገላባት ትገባለህ። እዚያ ሐኪም ብለው ነው የሚጽፉህ። ምንም ማድረግ የለብህም፤ ዝም ብለህ ቁም።"

ይህ ሰው በዕድሜው አንዴ ከውሉ ሳያስቀር የነገረኝ ይህን ብቻ ነው። እውነቱን ነው። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። ሰው ሲሞት ነፃ የሚወጣ ሐኪም! ማን ነው ይህን ተቀምጦ የጻፈው? ቁርሱን በልቶ ነው የጻፈው? ልጆች አሉት? ገላባት ሐኪም የሚለውን ስም መልሼ እንደማገኘው አልጠፋኝም፤ አንድ ትንፋሽ ያህልም አሰብኩት፣ ለምን እዋሻችኋለሁ። ከዚያ ንዴቱ መጣ። እግዜር ይስጠው፣ ያን ቀን ንዴቱ ባይመጣ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

"ያዝልኝ" አልኩት አስተርጓሚውን።

"ምኑን?"

"እግራቸውን! ያዝ!"

ደንግጦ ያዘ። ሐጂ እየረገሙኝ፣ የአባቴን ስም እያነሱ፣ በዓረብኛም በአማርኛም እየጮሁ የኩባንያውን የንዳድ መድኃኒት በመርፌ ወጋኋቸው። በማግሥቱም ወጋኋቸው። በሦስተኛው ቀን ላቡ ወጣ፤ ተነስተው ተቀመጡና ሾርባ ጠየቁ። ሾርባውን ገና አፋቸው ላይ እንዳደረጉት ካፖው ወታደር አስከትሎ መጣ። ልብ በሉ፣ ታመው ሲያቃስቱ ማንም አልመጣባቸውም። የታሰሩት በመዳናቸው ነው።

እኔም ዋስ የሌለኝ ሰው ሆንኩና ከድንኳኑ ተባረርኩ። ሳጥኔን ይዤ ስወጣ የሐጂ ባለቤት እትዬ መዲና መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

"ና እስቲ፣ አንተ ሐኪም። ባሌን አሳሰርክ። ግመሉን ማን ሊነዳ ነው?"

"እትዬ መዲና፣ እኔ እኮ የተማርኩት ሕክምና ነው።"

"ግመሉ አልታመመም። የሚዞርለት ሰው ነው የጠፋው።"

ተከተልኳቸው። ዘይት መጭመቂያው ጓሮ ውስጥ ትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ነው፤ ዓይኑን በጨርቅ የተሸፈነ ግመል እየዞረ ዘነዘናውን ያዞረዋል፤ ሰሊጡ ይጨመቃል። ከግመሉ ኋላ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል፤ አለዚያ ይቆማል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሐጂ ሲዞሩ ይዘፍኑለት ነበርና ካልተዘፈነለት አይነቃነቅም። ዘፈን አላውቅም። የማውቀው ካርቱም በቃሌ ያጠናሁትን የአጥንት ስም ነው፤ እሱን በዜማ አወረድኩለት። ከትከሻ እስከ አውራ ጣት ስደርስ አንድ ዙር ይሞላል። ግመሉ ወደደው። እኔ ግን ራሴ ዞሮ ሁለት ጊዜ ሰሊጡ ላይ ወደቅኩ።

በሽተኛው እዚያም አገኘኝ። ዱላ የያዘ ዘበኛ የለም፤ ቁጥር የሚጠይቅ የለም፤ ብቆም ደግሞ ግመሉ ይቆማል። ስለዚህ በሽተኞቹ አብረውኝ ይዞራሉ። አንዱ ምላሱን አውጥቶ፣ አንዷ ልጇን አቅፋ፣ አንዱ በምርኩዝ፣ እኔ መሀላቸው ሆኜ የልብ ምት እያዳመጥኩ ለግመሉ ስለ ጎድን አጥንት እዘፍናለሁ። በውሉ ዘመን ካከምኩት ይልቅ ከዚያ ግመል ኋላ ያከምኩት ይበልጣል። እትዬ መዲናም ተራ ያስይዛሉ፤ የቸኮለውን ይቆጣሉ።

ኩባንያው ግን ሐኪም አልነበረውም። ንዳዱ ሠራተኛውን በየተራ ጣለው። መንገዱ ቆመ፤ ካፖውም ራሱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔን አስጠራኝ። አዲስ ወረቀት አዘጋጅቷል፤ ቃሉ ያው ነው፤ አስታማሚ፣ ቁጥር፣ ዋስ። በራሱ ነፍስ ካልመጣበት በቀር የማይለወጥ ሰው እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ካፖው ግን በነፍሱ መጥቶበትም አልተለወጠም።

"ዋስ ጥራ" አለኝ አስተርጓሚው።

ከቢሮው በር ላይ ቆሜ ገበያውን አየሁት። ሰው ሞልቷል። አንድ ጊዜ ብጣራ አንዱ አህያውን ጥሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለምን ብሎ እንደማይጠይቀኝም አውቃለሁ። ደሜ እስከ ጆሮዬ ወጣ።

"አልጠራም" አልኩ።

"ያለ ዋስ ውል የለም።"

"አይኑራ! እኔ የማንንም አባት አላሳስርም!"

ካፖው ከነብርድልብሱ ተነስቶ ጮኸ። እኔም በማያውቀው ቋንቋ መለስኩለት፤ በዓረብኛ፤ የምሳደበው በዓረብኛ ነው። እስር ቤቱ ከቢሮው የሚለየው በእሾህ አጥር ብቻ ነውና በጩኸታችን መሀል ከአጥሩ ጀርባ የማውቀው ሳል ተሰማ።

"ምን ሆናችሁ ነው የምትጮሁት?"

"ሐኪሙ ዋስ አጥቶ ነው" አላቸው አስተርጓሚው።

"ማን አለ አጣ ያለው? እኔ አለሁ አይደል?"

"እርስዎማ እስረኛ ነዎት!"

"ታዲያስ?" አሉ ሐጂ። "ውሉን ቢያፈርስ የምታስሩት እኔን አይደል? ይኸው አለሁ። የት ሄደህ ትፈልገኛለህ?"

አስተርጓሚው ለካፖው ተረጎመለት፤ ይህን ጊዜ ምንም አላሳጠረም። ካፖው ከትኩሳቱ ጋር እየታገለ አሰበ፣ አሰበ፣ የሚጠፋ ዋስ አለመሆናቸውን አመነና እጁን ወረወረ። ይሁን ማለቱ ነው።

እኔ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ሐጂ ከስተዋል፤ ጢማቸው ግን ተበጥሯል።

"ሐጂ፣ አብደዋል? ለሽማግሌ ነውር ነው ሲሉኝ አልነበረም?"

"ነውር መስሎኝ ነበር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ገብቼ ሳይ በዚህ አገር ደህና ደህናው ሰው ሁሉ እዚህ ነው ያለው። የሚያሳፍረኝ ውጭ የቀረው ነው።"

"ይስሙኝ እንጂ! ቁጥር የሌለው በሽተኛ በነካሁ ቁጥር እርስዎ አይፈቱም እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ንካ" አሉኝ።

ያን ጊዜ በዱላ ያባረሯቸውን ሴቶች እያሰቡ እንደሆነ ከፊታቸው አወቅኩ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። አስተርጓሚው ወረቀቱንና ቀለሙን ሲያመጣልኝ፣ አውራ ጣታቸውን ለፊርማ በእሾሁ መሀል አሹልከው ወደ እኔ ዘረጉ። የስንት ዓመት ዘይት የጠጣ ጣት ነው፤ ቀለሙ አልይዝ አለ። አፈር ነክቼ አሸሁላቸው፣ በነጠላዬ ጠረግኩላቸው፣ እንደገና ነከርኩት፣ ወረቀቱንም ከሥሩ ያዝኩላቸው። እኔ ነኝ የያዝኩላቸው፤ በገዛ እጄ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።